ስለ ዕቃ ማኅተም

በደሴ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ከባድ መኪና ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት ሲቆም፥ ሾፌሩ አስቀድሞ ወደ ኋላ ዞሮ የኮንቴይነሩን መዝጊያ ቢዳብስ አይግረመን። የሚዳብሰው ማኅተሙን ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን እስካስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ድረስ ያለው ዳገት ጭነት ያለውን መኪና እንደ እግረኛ ያስዘግመዋል፤ ጉሙ ከወረደማ ከኋላ የተንጠለጠለ ሌባ አይታይም።

ብዙዎቻችን ማኅተምን ከቁልፍ ጋራ እናምታታዋለን። ቁልፍ ይከለክላል፤ የማኅተም ሥራ መመስከር ነው። የእርሳሱን ማኅተም ሽቦ ማንም በፒንሳ ይበጥሰዋል። ኮንቴይነር የሚታሸግበት ወፍራም የብረት ዘንግ እንኳ፥ በዓለም አቀፉ መለኪያ ከፍተኛው ደረጃ 1,000 ኪሎ ያህል ጉተታ መቻል ቢኖርበትም፥ በትልቅ መቁረጫ ይቆረጣል። ሌባውን የሚቸግረው ያንኑ ቁጥር የያዘ ሌላ ማኅተም ማግኘቱ ነው። ታዲያ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋራ የሚያስተያይ ሰው ከሌለ ማኅተሙ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ብልሁ ሌባ ደግሞ ማኅተሙን ጨርሶ አይነካም። የመዝጊያውን ማጠፊያ ወይም የእጀታውን ቡሎን ፈትቶ፥ ዕቃውን አውጥቶ፥ መልሶ ይገጥመዋል። ስለሆነም ተረካቢው «ቁጥሩ ልክ ነው» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ቡሎኑ አዲስ ቀለም እንደ ተቀባ ወይም እንደ ተፋቀ ይመልከት። ዕቃው ጎድሎ ሲገኝ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሾፌሩ ላይ ነውና።

መኪናው ዳገቱ ላይ ተገልብጦ ማኅተሙ ቢበጠስስ? ሾፌሩ በገዛ እጁ መልሶ አይሰረው። ለፖሊስ፥ የጉምሩክ ዕቃም ከሆነ ለጉምሩክ አስታውቆ፥ የተበጠሰውን ማኅተም ሳይጥል፥ የቦታውንና የሰዓቱን ማስረጃ በጽሑፍ ይዞ ይሂድ።