ከመደርደሪያ ወደ እርከን

የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ ማለትም የሁለቱ አገሮች ዕፅዋት ዝርዝር መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ። ስምንት ቅጽ፣ አሥር መጽሐፍ ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አንድ በአንድ ተገልጸውበታል፤ ከእነዚህ ከአሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ ምድር ውጪ የትም አይበቅልም። ሥራው በደርግ ዘመን ተወጥኖ፣ የመንግሥት ለውጥ አልፎበት፣ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆንም ርዕሱን አስተካክሎ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። በአገራችን የተጀመረ የትብብር ሥራ ይህን ያህል ዘመን ዘልቆ ከፍጻሜ ሲደርስ ማየት ብርቅ ነውና፣ የደከሙበት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የሚገኘውም በዩኒቨርሲቲና በምርምር ተቋማት ቤተ መጻሕፍት ነው። በደቡብ ጎንደር በእብናት ወረዳ የሚሠራ አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ በቀበሌው የበቀለውን ቁጥቋጦ ምንነት ለማወቅ ቢፈልግ ወዴት ይሂድ?

እብናት ከአዲስ ዘመን ከተማ ወደ ምሥራቅ በሚገነጠለው መንገድ ትገኛለች፤ በምዕራብ ከሊቦ ከምከም፣ በሰሜን ከበለሳ፣ በደቡብ ከፋርጣ ትዋሰናለች። መሬቷ የተራቆተ፣ ዝናቧም የማይታመን በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ወረዳዎች አንዷ ናት። ሰዉ እርከን ይሠራል፣ ተራራ ከከብት ይከልላል፣ በየክረምቱ ችግኝ ይተክላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ሁሉ የዕፅዋት ጥያቄ ነው። ለዚህ ተዳፋት የሚሆነው የትኛው ነው? ውርጭ የሚችለው፣ ንብ የሚወደው፣ ከብት የማይነካው የትኛው ነው? የተከለለው ተራራ ላይ ሳይተክሉት የበቀለውስ ምንድን ነው? ገበሬው ከእነዚህ ብዙውን ያውቃል፤ የጎደለው የእሱን ዕውቀት ከፍሎራው ዕውቀት ጋር የሚያገናኝና ሁለቱም ወገኖች የሚከፍቱት መዝገብ ነው።

እንዲህ ያለውን መዝገብ ያሰበ ሰው አልጠፋም። ወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያ ዕፅዋትን ስሞች በየቋንቋው ሰብስበው ከሳይንሳዊ ስማቸው ጋር ያዛመዱበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአራተኛ ጊዜ ታትሟል፤ ዛሬም ተመራማሪ ሁሉ ይጠቅሰዋል። አዘነ በቀለ ተሰማ በ1993 ያወጡት የጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍ ደግሞ ሥዕል ያለው፣ ከየአየር ንብረቱ ጋር እያገናዘበ የሚያስረዳ የመስክ ሰው ወዳጅ ነው። ሬይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ በ1994 ለንብ የሚሆኑ ዕፅዋትን በመጽሐፍ አወጡ። ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የኤርምያስ ዳኜ ሥራ ነው። የአፍሪካን ዕፅዋት መረጃ ከየአካባቢው ስማቸው ጋር በሲዲ አዘጋጅተው፣ ሁለተኛው እትም በ2011 ወጣ።

ይህ ሲዲ ሊታሰብበት ይገባል። በወጣበት ጊዜ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ኮምፒውተር ይከፈት ነበርና። ዛሬ ግን የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሲዲ ማጫወቻ የላቸውም፤ የመስክ ሠራተኛው እጅ ላይ ያለውም ስልክ ነው። ይዘቱ ሳያረጅ ተሸካሚው አረጀ። አዲስ መዝገብ የሚያቅድ ሁሉ ከዚህ የሚማረው፣ ጽሑፉና ሥዕሉ ከአንድ ዓይነት መሣሪያና ከአንድ ዓይነት ፕሮግራም ተለይቶ በማንኛውም ጊዜ ወደ ሌላ ሊሻገር በሚችል መልክ መቀመጥ እንዳለበት ነው።

ሌላው ዓለምም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የሚዙሪ፣ የኒው ዮርክ፣ የኤድንብራና የኪው የዕፅዋት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለምን ዕፅዋት ሁሉ በኢንተርኔት ለመመዝገብ የጋራ ሥራ ጀምረዋል። ለእብናቱ ሰው ግን የእነሱ መዝገብ አዲስ የእንግሊዝኛ መደርደሪያ ነው። በአማርኛ ውክፔዲያ ላይም ስለ አገራችን ዕፅዋት የተጻፉ ገጾች አሉ፤ ጸሐፊዎቹ በበጎ ፈቃድ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ሆኖም አንባቢው የትኛው መረጃ ተጣርቶ እንደተጻፈ፣ የትኛው ገና ለመጣራት እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት። ዕፅዋት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ መድኃኒት ይሆናሉ፣ ይመርዛሉም፤ እዚህ ላይ ስሕተት ሰው ይጎዳል።

የስሙን ነገር ማለፍ አይቻልም፤ መዝገቡ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። አንዱ አካባቢ ድግጣ የሚለውን ሌላው ዝግጣ ይለዋል። በአንጻሩ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ስማቸው ቢቀራረብም ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ አንዱ የአገሩ፣ ሌላው ከውጭ የመጣ። ባሕር ዛፍ የሚባለውም ቢያንስ ሁለት ነው፤ ቀዩ እና ነጩ የሚስማማቸው ከፍታ ለየቅል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም የተነገረበት ወረዳ አብሮ ይመዝገብ፤ ከእሱም ጋር አንድ ደርቆ የተጨመቀ ናሙና ቁጥር ተሰጥቶት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባርየም ይቀመጥ። ሥዕል ብቻ አይበቃም። የእብናቱ ሰው «ይህ እንዲህ ይባላል» ያለውን ከአምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ቅጠሉን አይቶ ሊያረጋግጥ ይገባዋል።

የዚህ አካባቢ ዕፅዋት ከጥንት ጀምሮ ሲሰበሰቡ ኖረዋል። ጀርመናዊው ሽምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በ1878 በዓድዋ እስኪሞት ድረስ በኢትዮጵያ ኖሮ የሰበሰባቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። የእኛ ዘመን ተመራማሪዎችም ከደቡብ ጎንደር ብዙ አግኝተዋል። ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባጠኗቸው 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበዋል። የእብናት ጎረቤት በሆነችው ሊቦ ከምከም በጣራ ገዳምና በአምባ ደኖች አካባቢ የተደረገ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም 163 የመድኃኒት ዕፅዋትን ዘርዝሯል። ይህ ሁሉ በውጭ መጽሔቶች በእንግሊዝኛ ወጣ። ዕውቀቱን የሰጡት የገዳሙ አባቶችና የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ከእነሱ አንደበት የተወሰደው ምን ተብሎ እንደተጻፈ አንብበው ማረም አልቻሉም። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ብዙ ሰው የሚጽፍበትን መዝገብ ማን ያረጋግጠው? ደቡብ ጎንደር ለዚህ ከሌላ ቦታ ሥርዓት መበደር አያስፈልገውም። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ምስክር ቤት ናት። ድጓ በየአገሩ ይማሩታል፣ ተማሪውም በየመምህሩ እግር ሥር ያጠናዋል፤ የድጓ መምህር ለመባል ግን ወደ ምስክር ቤቱ ሄዶ ዜማውን ማስመስከር ያስፈልጋል። የዕፅዋቱም መዝገብ በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል። የልማት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የንብ አናቢው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ይጻፍ፤ የጻፈውም ረቂቅ ተብሎ ወዲያው ይታይ። ናሙናው በባለሙያ ከታየ፣ ስሙም በአካባቢው አዋቂዎች ፊት ከተነበበ በኋላ የተመሰከረለት ይባል፤ የመስካሪዎቹም ስም ከገጹ ግርጌ ይስፈር። ሁለቱ ምስክሮች የሚለያዩባቸው ጉዳዮች ይኖራሉ፤ ሳይንቲስቱ አንድ ያለውን ገበሬው ሁለት ቢለው የሁለቱም ቃል ይመዝገብ እንጂ አንዱ ሌላውን አይሰርዝ።

ሁሉም ነገር ግን አይጻፍም። የመድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀታቸውን የሚደብቁት በንፉግነት ብቻ አይደለም፤ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ማን ምን እንደሚያደርግበት አያውቁም። የደረሰውን እናውቃለን። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ደርሰውበት ለቢልሃርዝያ መከላከያ ሲደክሙ ኖሩ፤ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። በጤፍ ዱቄት ላይም አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ መብት ይዞ ነበር፤ የሔግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ። አገራችን የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ ሕግ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም.። ስለዚህ የመዝገቡ ዕቅድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን አዋጅ ይዞ መነሳት አለበት። ዛፉን መለየት፣ የት እንደሚበቅልና ለምን ሥራ እንደሚተከል መግለጽ፣ መርዛማነቱንም ማስጠንቀቅ የሁሉም ነው። የመድኃኒቱ አቀማመምና መጠን ግን አዋቂው ካልፈቀደ አይመዝገብ። መጠን ሲሳት ደግሞ መዘዙ ከባድ ነው፤ ከልክ ያለፈ ኮሶ ዓይን እንደሚያጠፋ በሕክምና ይታወቃል።

መዝገቡ ያለ ኢንተርኔትም መከፈት አለበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ በአገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ለእብናት እንደሌለ ይቆጠር ነበር። ሙሉው መዝገብ በስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያርፍ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ፣ አዲስ የተጻፈውም መረብ ሲገኝ ወደ ማዕከሉ የሚላክ ይሁን። ሥዕሎቹ ከብደው ስልክ እንዳይሞሉ ለእያንዳንዱ ተክል ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬና ቅርፊት የሚያሳዩ አራት ምስሎች ይበቃሉ።

የማዕከሉ ቦታ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ይመረጣል፤ ለእብናትም፣ ለጉና ተራራም፣ ለቤተ ክርስቲያኖቹ ደኖችም ቅርብ ነው። ሲጀመር 6,000 ዝርያ መመኘት አያስፈልግም። የፍሎራው አዘጋጆችም ቅጽ አንድ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ቅጽ ሦስትን ነበር፤ ቅጽ አንድ የታተመው በ2009 ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው። የእብናትም መዝገብ በወረዳው ችግኝ ጣቢያዎች በሚፈሉትና በተከለሉት ተራሮች ላይ በብዛት በሚበቅሉት ዕፅዋት ይጀምር። ከሁሉ የሚከብደው ገንዘብ የአርታኢው ደመወዝ ነው። የፍሎራው ሥራ ለ29 ዓመታት የስዊድን ድጋፍ ነበረው፤ ይህኛው ግን በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ ከተቋቋመ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ረቂቆቹን የሚያነብ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በመዋቅሩ ውስጥ አንድ ቋሚ የአርታኢ መደብና አንድ የናሙና ሠራተኛ መደብ ይክፈት፤ የክልሉ ግብርና ቢሮ ደግሞ የልማት ሠራተኞቹ ለመዝገቡ የሚጽፉትን እንደ መደበኛ ሥራቸው ይቁጠርላቸው።