ሞተሩ ከተነሣ በኋላ

ኤንትሬ የተባለውን የጭነት መኪና የማያውቅ የጅቡቲ መስመር ሰው አይገኝም። በፋብሪካ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3 ይባላል። የ682 ዘር እ.ኤ.አ. በ1952 ጣሊያን ውስጥ መመረት ጀመረ፤ በአገሩ አዳዲስ ሞዴሎች ከተተኩት በኋላም ለአፍሪካ ገበያ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሲመረት ቆየ። «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽልም አትርፏል። ከእሱ በፊት የነበረው በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣው ፊያት 634 ሲሆን አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአዲስ አበባው አምቼ ደግሞ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪኖች ሲገጣጥም በመኖሩ ብዙ መካኒክ እጁን ያፍታታው በእነዚህ መኪኖች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ጭነት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውም በጅቡቲ በኩል ማለፍ ጀመረ። ዛሬ በጅቡቲ ከተማ መውጫ ፒኬ 12 ላይ ተሰልፎ የሚያድረው ተሳቢ በአብዛኛው አዲስ ነው። ቢሆንም ከሁለትና ከሦስት የወደቁ መኪኖች ዕቃ ለቃቅሞ፣ በገዛ ግቢው ወይም በሠፈር ጋራዥ አንድ ሕያው ኤንትሬ የሚያወጣ ሰው አሁንም አለ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የዚያ ሥራ መጨረሻ ነው፤ ሞተሩ ተነሥቶ፣ የመጀመሪያው ጭስ ወጥቶ፣ ጎረቤት እልል ካለ በኋላ ያለው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በጅቡቲ ከተማ የሚሠራ አሮጌ የጭነት መኪና ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚወስነው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የሚደረገው ብልሽት ፍለጋና ማጠናቀቂያ ነው። የተለመደው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ገንዘቡም ጉልበቱም ፒስቶንና ፋሻ በመቀየር፣ ቴስታታ በማስጠረብ፣ ካምቢዮ በመፍታት ያልቃል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የናፍጣ ቱቦው፣ የላሜራው መጋጠሚያ «ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን» ይባልና መኪናው ሥራ ይገባል። ይህ ልማድ በሌላ ከተማ ምናልባት ይቻል ይሆናል፤ እዚህ ግን አይቻልም። ጅቡቲ ከተማ በልሳነ ምድር ላይ የተቀመጠች፣ ባሕር የከበባት ናት። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋ ያዘንባል፤ አየሩ ራሱ ጨው አለው። ከዚህ ተነሥቶ የሄደ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። በአንድ ጉዞ ጨውን፣ ሙቀትንና ከፍታን የሚጋፈጥ መኪና የቀረችበት ትንሽ ሥራ ሁሉ መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚባክነው እዚህ ነውና። ኤንትሬ በ24 ቮልት ይሠራል። አዲስ የተገጠመው መኪና ጠዋት ሞተሪኖው ይደክማል፤ ፍሬቻ ሲበራ የፊት መብራቱ አብሮ ይርገበገባል፤ የሙቀት ጌጁ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ሦስቱ የተለያዩ ብልሽቶች ይመስላሉ፤ ስለዚህ ባለቤቱ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሞተሪኖ፣ ከዚያ ዲናሞ ይገዛል። መኪና ውስጥ ግን ወደ መብራቱም ወደ ሞተሪኖውም የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በሻንሲው በኩል ነው። ሻንሲው ደግሞ ወይ ዝጓል፣ ወይ አሁን በቅርቡ ተቀብቷል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ባትሪውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ጫፍ በአዲስ ቀለም ላይ ከታሰረ፣ በጥንቃቄ የተቀባው ሻንሲ ራሱ የብልሽቱ ምንጭ ሆነ ማለት ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ማሳረፍና ረዳቱ ሞተሪኖውን እንዲያዞር ማድረግ ነው። የሚታየው ቁጥር ከግማሽ ቮልት ካለፈ ጥፋቱ የማሳው ነው፤ ባትሪም ሞተሪኖም መግዛት አያስፈልግም። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቆ፣ ቡሎኑን አጥብቆ፣ ላዩን ግራሶ መቀባት ይበቃል። ገመዱ ራሱ ሲላጥ መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ መቁረጥ ነው። የባሕር አየር ከጎማው ልባስ ሥር ገብቶ ገመዱን ይበላልና ከላይ አይቶ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ሌላው አሳሳች ብልሽት በናፍጣው መስመር የሚገባ አየር ነው። መኪናው ማታ በደኅና ይቆማል፤ ጠዋት ሞተሪኖው እስኪዝል ቢዞር አይነሣም፤ በእጅ ፓምፕ አየሩ ሲወጣለት ይነሣና ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ የሚወነጀለው የናፍጣ ፓምፑ ነው፤ ተፈቶ ወደ ባለሙያ ይላካል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ጋኑ) እስከ መጋቢው ፓምፕ ያለው ቱቦ ግን ናፍጣውን የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ስለዚህ የተሰነጠቀ ቱቦ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ደረቅ ሆኖ መታየቱ ለጤንነቱ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። በመካከል ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ቱቦ ቢገጠም አረፋው እያለፈ ይታያል፤ ከዚያ ቱቦውን ወደ ሰልባትዮው እያቀረቡ መሞከር፣ አረፋው የት ላይ እንደሚቆም መለየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሙቀት የደረቀ ጎማ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ተፈቶ የታሰረ የመዳብ ቀለበት ነው። የቀለበቱ ዋጋ ከፓምፑ እድሳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለ ጭስም በዚህ መስመር የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ ጥቁር ጭስ ከአየሩ የበዛ ናፍጣ መሆኑን ማንም መካኒክ ያውቃል። የኤንትሬ ሞተር ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከ10 ሊትር በላይ የሚይዝ፣ ያለ ቱርቦ አየር የሚስብ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከባሕር ወለል ይልቅ አየሩ በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ጅቡቲ ላይ ጭሱ ጠርቶ የተስተካከለ ፓምፕ አዲስ አበባ ሲደርስ ጥቁር ቢያጨስ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። እዚያ ላይ ናፍጣው ተቀንሶለት ሲመለስ ደግሞ ቆላው ላይ ጉልበት ያጣና ሌላ ብልሽት ፍለጋ ይጀመራል። ብልሽት ከመፈለግ በፊት መኪናው የት ቦታ እንደቆመ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም። ሥራ የበዛበት መካኒክ «በቴስተርና በፕላስቲክ ቱቦ ቀን ከምንገድል የተጠረጠረውን ዕቃ ቀይረን ብንሞክር ይፈጥናል» ይላል። ዕቃው አዲስና ርካሽ በሆነበት ዘመናዊ መኪና ላይ አባባሉ እውነትነት አለው። ለኤንትሬ የሚገኘው ዕቃ ግን ከሌላ ከወደቀ መኪና የተፈታ ነው፤ የራሱ ብልሽት ይኑረው አይኑረው ማንም አያውቅም። አንድ ያልታወቀ ነገር አውጥቶ ሌላ ያልታወቀ ነገር ማስገባት ፍለጋውን ያረዝመዋል። በዚያ ላይ ሁለት ዕቃ ባንድ ጊዜ ተቀይሮ ብልሽቱ ቢጠፋ የትኛው እንደነበር አይታወቅም፤ ዲክሂልን አልፎ ወደ ጋላፊ ድንበር በሚወስደው የበረሃ መንገድ ላይ ብልሽቱ ሲመለስ ሾፌሩ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። አንዱን ብቻ ነክቶ መሞከር፣ ውጤቱን ደብተር ላይ መጻፍ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ቀርፋፋ ይመስላል እንጂ አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

በማቀዝቀዣው በኩል የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «አገሩ ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» ይባላል። ነገር ግን በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ የውሃው ከፊል በአቋራጩ እየዞረ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ከቀድሞው የባሰ ይግላል። የውሃው ዓይነትም ወሳኝ ነው። የጅቡቲ ከተማ የጉድጓድ ውሃ ጨው የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከኢትዮጵያ የተዘረጋው የውሃ መስመርና በዶራሌ የተተከለው የባሕር ውሃ ማጣሪያ የመጡትም በከፊል ስለዚሁ ነው። ጨዋማ ውሃ የተሞላ ራዲያተር በውስጡ ቅርፊት ይሠራል፤ ከውጭ ሲያዩት አዲስ፣ ከውስጥ የተደፈነ ይሆናል። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላም ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሞተሩን ለመፍላት ያጋልጣል። የተጣራ ውሃ፣ ዝገት የሚከላከል ኩላንትና ግፊት የሚይዝ ክዳን የማጠናቀቂያው አካል እንጂ ተጨማሪ ምቾት አይደሉም።

ወደ ላሜራውና ወደ ቀለሙ ስንመጣ «ቀለም የሀብታም ጌጥ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። በግማሹ እስማማለሁ። ከላይ የሚያብረቀርቀው ቀለም ጌጥ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን የመኪናው ቆዳ ነው። ላሜራው በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ ከተቀባ ከቀለሙ ሥር የቀረው ጨው ርጥበት እየሳበ ቀለሙን ያስነፋዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይፈነዳና ዝገቱ ይወጣል። ባትላሜራው በስቱኮ የሞላው ጉድጓድ ከጀርባው ካልተቀባ ከውስጥ ይበሰብሳል። የበሩ ሥር ያሉት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነው የሚገኙባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ውሃው እዚያ ተኝቶ በሩን ከታች ይበላዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ፀረ ዝገት መቀባት፣ መጋጠሚያዎቹን ማሸግ፣ በሩና ጋቢናው ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ሰም ወይም ዘይት መርጨት፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ነው። ጊዜውም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ለዘብ ባለው ወቅት ቢሆን ይመረጣል፤ በሐምሌ ፀሐይ የጋለ ላሜራ ላይ የተረጨ ቀለም ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ካምሲን ደግሞ አሸዋውን ይለጥፍበታል።

ጋቢናው ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ኤንትሬ ላይ ሞተሩ ከሾፌሩ ጎን፣ ጋቢናው ውስጥ ነው፤ የሚለየው አንድ ክዳን ብቻ ነው። የዚያ ክዳን ጎማ ካረጀ ሙቀቱም ጭሱም ሾፌሩ ላይ ይወጣል። በ42 ዲግሪ ቀን እንዲህ ባለ ጋቢና ውስጥ ስምንት ሰዓት የነዳ ሰው ደክሞ ፍሬን ለመርገጥ ይዘገያል። ሁለት ሜትር ጎማና ሙቀት የሚከላከል ምንጣፍ ከሞተር እድሳቱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ወጪ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ሾፌሮች ጋቢናቸውን በዘርፍ፣ በቅዱሳን ሥዕልና በጥቅስ ማስዋባቸውን እወዳለሁ፤ መኪናው የሰው ቤት ነውና። ብቻ ጌጡ ከጎማው በኋላ ይምጣ።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ግን አሮጌ መኪና ጨርሶ ከመንገድ ይውጣ የሚለው ነው። ያጨሳል፣ ፍሬኑ አይታመንም፣ በዚያ ዘመን የብዙዎቹ የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪ በቀኝ ስለሆነ ሲቀድም ከፊቱ ያለውን አያይም ይባላል። ሁሉም እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን የሚመለከተው ሳይጠናቀቅ ሥራ የገባውን መኪና ነው። የአየር ፍሬን ያለው መኪና እንደ ጅቡቲ ባለ ርጥብ አየር ውስጥ በጋኑ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፤ በየማታው ካልተደፋ ቫልቮቹን ያዝጋቸዋል። ጋኑን በአየር ሞልቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ መቀባትና አረፋ መፈለግ ሳንቲም አያስወጣም። በግራ በኩል ትልቅ መስታወት መትከል፣ የኋላ መብራትና ፍሬቻ በሙሉ እንዲሠራ ማድረግም ብዙ አያስወጣም። ይህን ፈተና ያላለፈ መኪና ጭነት መጫን የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ፣ ባለቤቱ ደኻ ነው ተብሎም ሊታለፍ አይገባም። ያለፈው ግን በዕድሜው ብቻ የሚፈረድበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ኤንትሬ እያደሳችሁ ላላችሁ አንድ ነገር አደራ ልበል። ሞተሩ የተነሣ ዕለት የጭነት ቀጠሮ አትያዙ። መጀመሪያ ባዶውን በከተማው ዙሪያ ንዱት፤ ቀጥሎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ አርታ ዳገት አውጡት፤ ተመልሳችሁ እያንዳንዱን ቡሎን እንደገና አጥብቁ፣ ከሥሩ ካርቶን ዘርግታችሁ የሚያንጠባጥበውን ተመልከቱ፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ በግማሽ ጭነት ሞክሩት። ከበጀታችሁም ቢያንስ ሲሶውን ከሞተሩ በኋላ ላለው ሥራ አስቀሩ።