ያውቁ ኖሯል? መስመር የሚያወርደው ቁጥር 10

ብዙ ኮድ ሳይጽፉ መተግበሪያ በሚሠሩበት በማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ፣ ስምንና አድራሻን በአንድ ሌብል (የጽሑፍ ማሳያ ሳጥን) ላይ በየመስመሩ ለማሳየት በመካከላቸው «ቻር(10)» የሚለውን ፎርሙላ ማስገባት ይበቃል። ፊደላትና ምልክቶች በቁጥር በሚወከሉበት የአስኪ ሰንጠረዥ 10 ወደ ቀጣዩ መስመር የሚያወርድ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የቴሌታይፕ (የርቀት መጻፊያ ማሽን) ዘመን ቅርስ መሆኑ ይደንቃል፦ በዚያው ሰንጠረዥ ቁጥር 13 የማተሚያውን ራስ ወደ ግራ ጠርዝ ይመልስ ነበር፤ 10 ደግሞ ወረቀቱን አንድ መስመር ያሽከረክር ነበር። ወረቀቱ ከቀረ በኋላም ዊንዶውስ በጽሑፍ ፋይሎቹ ሁለቱንም አጣምሮ ሲይዝ፣ ሊኑክስ 10ን ብቻ ይጠቀማል።

ወደ ፓወር አፕስ ስንመለስ፣ ያው የስምና የአድራሻ ጽሑፍ በኤችቲኤምኤል ሳጥን ሲገባ ግን 10 እንደ ተራ ክፍተት ስለሚቆጠር መስመሮቹ ይያያዛሉ፤ እዚያ የሚሠራው «ቢአር» የተባለው ታግ ነው። ስለዚህ ፎርሙላውን ከመጠራጠርዎ በፊት ጽሑፉ የሚወጣበትን ሳጥን ዓይነት ይመልከቱ።