ሰማያዊው ልጅ በሌላ እጅ

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ አንድ ሥዕል ለመሰናበት ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሰው ጎረፈ። ሥዕሉ ቶማስ ጌንስቦሮ በ1770 ገደማ የሣለው «ሰማያዊው ልጅ» ነው። በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበረው አሜሪካዊ ሄንሪ ሀንቲንግተን ገዝቶት ወደ ካሊፎርኒያ ሊወስደው ነበር፤ የከፈለው ወደ 728 ሺህ ዶላርም በዚያ ዘመን ለአንድ ሥዕል ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነው። ዋናው ውቅያኖስ ተሻገረ፤ መልኩ ግን በየአገሩ ቀረ። ከቶማስ ሎረንስ «ፒንኪ» ጋር እየተጣመረ፣ አንዳንዱ በማተሚያ፣ አንዳንዱ በሠዓሊ እጅ እየተቀዳ በየሳሎኑ ተሰቀለ። ከሁለቱ የቅጂ ዓይነቶች ይበልጥ ሊተዋወቁት የሚገባው በእጅ የሚሣለው ነው።

ቅጂ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ማጭበርበርን ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጌንስቦሮ የሞተው በ1788 ነው፤ በብሪታንያ ሕግ የቅጂ መብት ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ፣ ዛሬ ሥዕሉን ማንም ቀድቶ መሸጥ ይችላል። ወንጀሉ ቅጂውን «ዋናው ነው» ብሎ መሸጥ ነው። ሐቀኛ ቀጂ ከሸራው ጀርባ ቅጂ መሆኑን ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜም መጠኑን ከዋናው ይለያል። በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ተቀምጦ ለመቅዳት የተፈቀደለት ሠዓሊ፣ ሸራው ከዋናው በአንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ እንዳለበት ደንብ አለ።

እንዲያውም የእንግሊዝ የፖርትሬት ጥበብ ራሱ ከቅጂ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ስኮትላንዳዊው አለን ራምሴ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊን በዘውድ በዓል ልብሱ በ1761 እና በ1762 ከሣለ በኋላ፣ ለኤምባሲዎችና ለቅኝ ግዛት ገዥዎች የሚላኩ የንጉሡና የንግሥቲቱ ቅጂዎች ከስቱዲዮው ወደ 150 ጥንድ ገደማ ወጥተዋል። ከረዳቶቹ አንዱ ፊሊፕ ሬናግል ያንኑ ፊትና ያንኑ ካባ ዓመታት ሲደግም ኖሮ፣ በመጨረሻ ፖርትሬት ሰልችቶት ወደ እንስሳትና መልክዓ ምድር ዞረ። ጌንስቦሮም ቢሆን ከእርሱ መቶ ዓመት በፊት የነበረውን የአንቶኒ ቫን ዳይክን ሥራዎች እየቀዳ ተምሯል፤ የሰማያዊው ልጅ አለባበስ የተወሰደው ከዚያ ዘመን ነው።

በ1768 የተቋቋመው የሮያል አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆሹዋ ሬኖልድስ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ሥዕልን ከዳር እስከ ዳር መገልበጥ ትጋት መስሎ የሚያታልል ልፋት ነው ሲል ተማሪዎቹን አስጠንቅቋል። ስጋቱ እውነትነት አለው፤ እጅ እየሠራ ልብ ሥራውን ሊተው ይችላል። ጥሩ ቀጂና ተራ ቀጂ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሸራው ነው። በፍሬም ላይ የተወጠረው ሸራ መሠረት ይቀባና ሲደርቅ ይለሰልሳል። ምስሉ በአራት ማዕዘን መስመሮች ተከፋፍሎ በንድፍ ይሰፍርበታል። ቀጥሎ ብርሃንና ጥላው በአንድ ዓይነት ቀለም ይለያል፤ በዚያ ላይ ቀለማቱ በስሱ፣ የታችኛው ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ ይሄዳሉ። ቀለሙ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ ጥሩው ሸራም የሚሸመነው ከዚያው ከተልባ ተክል ግንድ በሚወጣ ጭረት ነው። ሥራው አልቆም ዘይቱ በደንብ እስኪደርቅ ወራት ይጠበቅና ቫርኒሽ ይቀባል።

ፈተናው ሐሩ ላይ ነው። የልጁን ሰማያዊ ልብስ ከሩቅ ያየ የሚያብለጨልጭ ሐር ያያል፤ ተጠግቶ ያየ ግን የሚያገኘው የተምታቱ፣ የተቆራረጡ የቡሩሽ ጭረቶችን ነው። ጌንስቦሮ ቀለሙን በጣም አቅጥኖ፣ እጀታቸው በረዘመ ቡሩሾች ከሸራው ራቅ ብሎ ይሠራ ነበር። እጁም ፈጣን ነበር፤ ጥቁሩን ጸሐፊና የሙዚቃ ደራሲ ኢግናሺየስ ሳንቾን በ1768 ባዝ ከተማ ውስጥ የሣለው በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ ቀጂው በሳምንታት የሚሠራውን ነገር በቅጽበት የተሠራ ማስመሰል አለበት። ጭረቱን አንድ በአንድ እያየ ከገለበጠ ሐሩ ይደርቅበታል፤ አለስልሶ ከቀባውም ይሞትበታል። ያለው አማራጭ ጭረቱ ለምን እንደተጣለ ገብቶት፣ በራሱ እጅ በድፍረት መጣል ነው።

ሌላው ጥያቄ የትኛውን ቀለም መቅዳት ይገባል የሚለው ነው። ቫርኒሽ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፤ ሰማያዊውንም ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ሥዕሉን የያዘው የካሊፎርኒያው ሀንቲንግተን ቤተ መዘክር በ2018 እና በ2019 በተመልካች ፊት ያጸዳውና ያከመው በዚህ የተነሳ ነው። ከዚያ በፊት በተነሣ ፎቶግራፍ የሚሠራ ቀጂ አሮጌውን ቫርኒሽ አብሮ ይቀዳል ማለት ነው። ሬኖልድስ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የተጠቀመበት ቀይ ቀለም በብርሃን ስለሚደበዝዝ ብዙዎቹ ባለምስሎቹ ፊታቸው ገርጥቷል። የጠፋውን ቅላት በግምት ከመመለስ፣ ዛሬ ያለውን በታማኝነት መቅዳት ይሻላል።

ዛሬ በዚህ ሥራ ስሙ ገናና የሆነው ቦታ በቻይና ሼንዘን የሚገኘው ዳፈን ነው። ሁዋንግ ጂያንግ የተባለ የሆንግ ኮንግ ነጋዴ በ1989 ጥቂት ሠዓሊዎች ይዞ ከገባ ወዲህ፣ መንደሩ ለዓለም ገበያ የሚሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሠዓሊዎች መኖሪያ ሆኗል። በአንዳንዱ ስቱዲዮ አንዱ ሰማዩን፣ ሌላው ልብሱን፣ ሌላው ፊቱን ይቀባል። በዚህ የሚስቅ ካለ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ለንደን ያስታውስ፤ ሬኖልድስም ፊቱን ሥሎ ልብሱን ለፒተር ቶምስ ይሰጥ ነበር።

ሊገዛ ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። «በእጅ የተሣለ» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ፣ በማተሚያ ከታተመ በኋላ ላዩ ላይ ወፍራም ጄል ብቻ የተቀባ ሸራ ነው። ሥዕሉን ወደ መስኮት አዘንብሎ ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት ማድረግና በማጉያ መነጽር ማየት ይበቃል። የኅትመት ነጠብጣብ ከታየ፣ ወይም የጄሉ ጭረት ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ካልገጠመ፣ የእጅ ሥራ አይደለም። ከዚያ ፊቱንና ጣቶቹን ይመልከት፤ እነሱ ከተበላሹ ልብሱ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።