እውነት ወይስ ተረት? «ባግ»ን የወለደችው የእሳት እራት ናት?

ሶፍትዌር ከሚሠራ ሰው ጋር የሚውል «ባግ አለው»፣ «ዲባግ እያደረግኩ ነው» ሲባል ሳይሰማ አይመሽለትም። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ የፕሮግራም እንከን ለማለት ይውላል፤ በቁሙ ቢፈቱት ግን ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። ከዚህ የተነሳ ከአንዱ ኮምፒውተር ክፍል ወደ ሌላው የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። ግሩም ታሪክ ነው፤ ጉዱ ተገልብጦ መነገሩ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ቃሉን የፈጠረችው ግሬስ ሆፐር ናት፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሞተች የእሳት እራት አግኝታ።

የእሳት እራቷስ እውነት ናት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የተባለውን ግዙፍ ማሽን የሚያሠሩ ባለሙያዎች ብልሽት ሲፈልጉ፣ ኤፍ በተባለው ፓነል 70 ቁጥር ሪሌይ ውስጥ ተቀርቅራ አገኟት። ሪሌይ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በሚነካኩት ሁለት ብረቶቹ መሀል ባዕድ ነገር ከገባ አይነካኩም፤ ካልተነካኩ ደግሞ ስሌቱ ይበላሻል። ባለሙያዎቹ ነፍሳቷን አውጥተው በዕለት መዝገቡ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። ሰዓቱን፣ 15:45 ብለው፣ ጻፉ፤ ከሥሯም ባግ በአካል ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን በእጅ ጽሑፍ አሰፈሩ። መዝገቡ ከነነፍሳቷ ዋሽንግተን ባለው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል።

ያችን ማስታወሻ ልብ ብሎ ላነበበ ተረቱ እዚያው ይፈርሳል። «በአካል ተገኘ» ብሎ የሚቀልድ ሰው ቃሉን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አለዚያ ቀልዱ ቀልድ አይሆንም። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ በአዲስ ፈጠራ ላይ ብቅ የሚሉትን ጥቃቅን እንከኖች በዚሁ ስም ጠርቷቸዋል። ኮምፒውተር የሚባል ማሽን ገና አልተሠራም ነበር። ሆፐር ታሪኩን በየንግግሯ እያነሳች ሰዎችን ታስቅበት ነበር እንጂ ነፍሳቷን ያገኘሁት እኔ ነኝ አላለችም። ኮምፓይለር (ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ሶፍትዌር) በመሥራት ከቀዳሚዎቹ አንዷ የሆነች የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኮንን፣ ሌላ ሰው ባገኛት የእሳት እራት ስትታወስ መኖሯ በኔ በኩል ግፍ ነው።

ተረት፦ ነፍሳት ሁሉ ባግ ናቸው።

በመንገድ ወሬ፣ አዎ። የነፍሳት ተመራማሪ ግን ስሙን የሚሰጠው ሄሚፕቴራ ለተባለው ክፍለ መደብ ብቻ ነው፤ የሾለ አፋቸውን ሰክተው ለሚመጡት። ትኋን ከነሱ ናት፤ ተክል የሚመጠው ክሽክሽም እንዲሁ። ጥንዚዛና ጉንዳን ግን የሉበትም። የእሳት እራትም የለችበትም። እናም የሃርቫርዷ ነፍሳት በተመራማሪው ሚዛን ባግ አልነበረችም ማለት ነው!

ተረት፦ ሐኪም «ስቶማክ ባግ» ካለ ሆድ ውስጥ ትል አለ።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። የሕመሙ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ፣ አንዳንዴም ባክቴሪያ ነው። የትል መድኃኒት አይፈውሰውም።

ተረት፦ በስለላ ዓለም ባግ የሚባለው የግድ ባትሪና ሽቦ ያለው ስውር ማይክሮፎን ነው።

በ1945 የሶቪየት ልጆች ሞስኮ ለነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር አቨረል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም በስጦታ አበረከቱ። ስጦታው በአምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ምስጢሩ የታወቀው በ1952 ነው። ውስጡ የተደበቀው ዕቃ ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት፣ ስስ የብረት ልባሱ በክፍሉ ውስጥ ባለው ድምፅ እየተርገበገበ ሞገዱን ይለውጠዋል፤ ውጭ ያለው ሰላይም ከዚያ ከተለወጠው ሞገድ ንግግሩን ያዳምጣል። ሞገዱ ካልተላከ ዕቃው በድን ነው፤ ፈታሾችን ያን ያህል ዘመን ያሞኘውም ይኸው ነው። የሠራው ሌዎን ቴርሚን ሲሆን፣ በእጅ ሳይነካ የሚጫወተውን የሙዚቃ መሣሪያ የፈለሰፈውም እሱ ነው።

ተረት፦ «ሚሌኒየም ባግ» ባዶ ሽብር ነበር፤ እኛ ዘንድማ ገና 1992 ዓ.ም. ነበር።

ይህኛው ባግ ስህተት እንኳ አልነበረም። የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ውድ በነበረበት ዘመን ፕሮግራመሮች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ዓመቱን ሆን ብለው በሁለት አኃዝ ጻፉት። 00 ሲመጣ ማሽኑ 2000 ይበለው 1900 የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 በኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. መሆኑም ኮምፒውተሮቻችንን አያድናቸውም፤ በውስጣቸው የሚቆጥሩት በፈረንጁ ነውና። ያን ቀን ትልቅ አደጋ ያልደረሰው ባለሙያዎች ለዓመታት ፕሮግራሞቹን መስመር በመስመር ሲያርሙ ስለከረሙ ነው።

ተመሳሳዩ ደግሞ ከፊታችን አለ። ጊዜን ከ1970 መባቻ ጀምረው በሰከንድ የሚቆጥሩ ባለ 32 ቢት ሥርዓቶች ቁጥራቸው 2,147,483,647 ላይ ይሞላል። ያልታደሰ ማሽን ከዚያ ወደ 1901 ይመለሳል። ቀኑ በኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው።