የፍላሽ ፕሮግራም አመጣጥና ፍጻሜ ከትምህርት መሣሪያዎች ዝግጅት አንጻር

በኮምፒዩተር አማካይነት የሚሰጥ ትምህርት ሲታቀድ የትምህርቱ ይዘት በጥንቃቄ ይመረመራል፤ ይዘቱ የሚታይበት ፕሮግራም ግን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ሁልጊዜ በቦታው የሚገኝ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ግምት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ፍላሽ የተባለው የመልቲሚዲያና የአኒሜሽን ፕሮግራም ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ፍላሽ ከ1996 እስከ 2020 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በልዩ ልዩ አገሮች ለተዘጋጁ እጅግ ብዙ የመማሪያ ሥራዎች መሠረት ሆኖ ካገለገለ በኋላ ከሥራ ውጭ ሆኗል። በእርሱ ላይ ብቻ የቆሙት ትምህርቶችም አብረውት ጠፍተዋል።

ብራውዘር የሚባለው የኢንተርኔት ገጾችን የሚከፍት ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጽሑፍና የማይንቀሳቀስ ሥዕል ከማሳየት እምብዛም አያልፍም ነበር። በ1995 መጨረሻ ግን ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ሌሎች ድርጅቶች የሚያዘጋጇቸው ተጨማሪ ፕሮግራሞች በብራውዘሩ ውስጥ ተሰክተው እንዲሠሩ የሚያስችል ዘዴ አቀረበ። እነዚህ ተጨማሪዎች ፕለጊን ወይም ተሰኪ ፕሮግራም ይባላሉ። ብራውዘሩ ራሱ ሊያነበው የማይችለው ፋይል ሲያጋጥመው የገጹን አንድ ክፍል ለተሰኪው ይለቅለታል፤ በዚያ ክልል ውስጥ የሚሳለውንም ሆነ የሚሰማውን የሚቆጣጠረው ተሰኪው ነው።

በዚሁ ጊዜ ፊውቸርዌቭ የተባለ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ድርጅት ችግር ላይ ነበር። ድርጅቱ በ1993 በጆናታን ጌይ፣ በቻርሊ ጃክሰንና በሚሼል ዌልሽ የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው ስማርትስኬች የተባለ የሥዕል ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የታሰበው በቁልፍ ፈንታ በብዕር ለሚታዘዙ ኮምፒዩተሮች ሲሆን፣ እነዚህ ኮምፒዩተሮች ግን ገበያ አላገኙም። በ1995 የድርጅቱ ሰዎች ሥራቸውን ለባለሙያዎች ባሳዩበት ወቅት የሥዕል መሣሪያው ወደ አኒሜሽን መሣሪያ ቢለወጥ እንደሚሻል አስተያየት ደረሳቸው። አኒሜሽኑን በብራውዘር ውስጥ ለማሳየት በመጀመሪያ የሞከሩት በጃቫ ቋንቋ ሲሆን፣ ፍጥነቱ እጅግ ዝቅተኛ ሆነ። የኔትስኬፕ የተሰኪ ዘዴ የደረሰላቸው በዚህ ጊዜ ነው። በ1996 ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር የተባለው ፕሮግራም ወጣ፤ ማይክሮሶፍትና ዲዝኒ በኢንተርኔት ሥራዎቻቸው ተጠቀሙበት። በዓመቱ መጨረሻ ላይም ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ድርጅቱን ገዝቶ ስሙን ፍላሽ ወደሚል አሳጠረው።

ፕሮግራሙ በዚህ ፍጥነት ሊስፋፋ የቻለበትን ምክንያት ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። በወርዱ 300፣ በቁመቱ 200 ነጥቦች ያሉት አንድ ሥዕል፣ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ቢይዝ፣ 60,000 ባይት ይሆናል። እንቅስቃሴ ለማሳየት በሴኮንድ 12 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ ቢባል፣ የአንድ ሴኮንድ እንቅስቃሴ ሳይታመቅ 720,000 ባይት ይፈጃል። በዚያን ዘመን በብዙ ቤቶች የነበረው ሞደም በሴኮንድ የሚያስተላልፈው 28,800 ቢት፣ ማለትም 3,600 ባይት ነው። ስለዚህ የአንድ ሴኮንድ እንቅስቃሴ ለመቀበል ተመልካቹ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሊጠብቅ ነው። ማመቂያ ዘዴዎች ይህን ጊዜ ሊያሳጥሩት ይችላሉ፤ ችግሩን ግን ከሥሩ አይነቅሉትም።

ፍላሽ ነጥቦቹን አይልክም፤ የሚልከው የአሣሣል መመሪያውን ነው። ቬክተር በተባለው በዚህ ዘዴ አንድ ጎባጣ መስመር በሦስት ነጥቦች ይገለጻል፤ ሁለቱ ጫፎቹን፣ ሦስተኛው የጉብጠቱን አቅጣጫና መጠን ያመለክታሉ። እንቅስቃሴውም ቢሆን በየሥዕሉ አይላክም። ለምሳሌ ልብ ደም ሲረጭ ለማሳየት ቢፈለግ የተኮማተረው ልብና የተፋታው ልብ ይሣላሉ፤ በመካከል ያሉትን ደረጃዎች ኮምፒዩተሩ ራሱ ያሰላል። አንድ ጊዜ የተላከ ቅርጽም በተፈለገው ቁጥር ተደጋግሞ ያገለግላል። ከዚህም በላይ የፋይሉ መጨረሻ እስኪደርስ ሳይጠበቅ መጀመሪያው መታየት ይጀምራል።

የፊደላት ቅርጽም በዚያው ፋይል ውስጥ ሊካተት ይችል ነበር። ይህ ለግዕዝ ፊደል ልዩ ጠቀሜታ ነበረው። ፊደሉ በዩኒኮድ መለያ ቁጥር ያገኘው በ1999 ሲሆን፣ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ከቪስታ ወዲህ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የአማርኛ ጽሑፍ ተገቢው ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ይታይ ነበር፤ ፊደሉን ይዞ የሚጓዝ ፋይል ግን ከዚህ ችግር ነጻ ነው።

ፕሮግራሙ በ2000 አክሽንስክሪፕት የተባለውን የትእዛዝ ቋንቋ፣ በ2002 ቪዲዮን ጨመረ። ዩቲዩብ በ2005 ሥራ ሲጀምር ቪዲዮዎቹን ያሳይ የነበረው በዚሁ ተሰኪ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማክሮሚዲያ በአዶቢ ተገዛ።

ለትምህርት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ከእነዚህ ሁሉ የትእዛዝ ቋንቋው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪው ከተመልካችነት አልፎ ክብደት መጨመር፣ የገመድ ርዝመት መለወጥ፣ ውጤቱንም ወዲያው ማየት ቻለ። በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ የሆኑት ካርል ዊማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርስቲ የመሠረቱት ፌት የተባለው ፕሮጀክት የሳይንስ ማስመሰያዎቹን ያዘጋጅ የነበረው በጃቫና በፍላሽ ነበር። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋጋ ለመምህራን ማስረዳት አያሻም።

ይሁንና ፍላሽን ያስፋፋው ጠባይ ለፍጻሜውም ምክንያት ሆነ። ተሰኪው በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት ስለነበረ በእርሱ ውስጥ የሚገኝ አንድ የደኅንነት ቀዳዳ ብዙ ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ያጋልጣል፤ እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎችም በየጊዜው ይገኙ ነበር። ቀዳዳውን የመድፈን ኃላፊነት በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር። አፕል በ2007 ያወጣው አይፎን ተሰኪውን አልተቀበለም፤ የኩባንያው መሪ ስቲቭ ጆብስም በ2010 ባወጡት ግልጽ ደብዳቤ የደኅንነትን፣ የባትሪንና በጣት የመንካትን ጉዳይ በምክንያትነት ዘረዘሩ። አዶቢ በ2011 ለእጅ ስልክ ብራውዘሮች የሚሆነውን ዝርያ ማሻሻል አቆመ። ብራውዘሮችም ኤችቲኤምኤል 5 በተባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ ደንብ መሠረት ሥዕሉን፣ ድምፁንና ቪዲዮውን ያለ ተሰኪ ማሳየት ጀመሩ። በጁላይ 2017 አዶቢ የመዝጊያውን ጊዜ አስታወቀ፤ ድጋፉ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 አበቃ፤ ከጃኑዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ተሰኪው ራሱ ፋይሎቹን ከመክፈት ታገደ።

የሦስት ዓመት ተኩል ማስጠንቀቂያ አጭር አይደለም። ቢሆንም የደቡብ አፍሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት አንዳንድ ቅጾቹ ገና በፍላሽ ስለነበሩ በጃኑዋሪ 2021 ቅጾቹን ብቻ የሚከፍት የራሱን ብራውዘር ለማውጣት ተገድዷል። በጀትና ሠራተኛ ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ትምህርቱን በትርፍ ጊዜው ያዘጋጀ መምህር ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ፌት ሥራዎቹን በኤችቲኤምኤል 5 እንደገና መጻፍ የጀመረው ቀኑ ሳይደርስ ነው። ሥራው ትርጉም ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ማስመሰያ ለጣት ንክኪ እንዲስማማ ተደርጎ ተሠርቷል። አዲሶቹ ማስመሰያዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ፋይል ስለሚወርዱ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍልም ያገለግላሉ። ራፍል የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ፕሮግራም ደግሞ የድሮ ፋይሎችን ያለ ተሰኪው ይከፍታል፤ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ቤተ መዛግብትም ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በዚሁ እየታገዘ አሮጌ የፍላሽ ሥራዎችን ለሕዝብ ያሳያል። ራፍል አስቀድሞ በሚገባ የከፈተው ቀላል አኒሜሽኖችን ሲሆን፣ ከ2006 ወዲህ በሦስተኛው የአክሽንስክሪፕት ዝርያ የተጻፉት ውስብስብ ሥራዎች ግን ብዙ ቆይተዋል።

ፋይል መክፈትና ፋይል ማረም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በፍላሽ የተዘጋጀ ሥራ ሁለት ፋይሎች ነበሩት፤ አንደኛው አዘጋጁ የሚሠራበት መነሻ ፋይል፣ ሁለተኛው ለተመልካች የሚሰጠው የተዘጋ ፋይል ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚደርሰው እንደ ደንቡ ሁለተኛው ብቻ ነበር። መነሻ ፋይሉን በውሉ ውስጥ ያልጠየቀ ገዢ ዛሬ አኒሜሽኑን በራፍል ቢከፍተውም በሥዕሉ ላይ የተሳሳተ ስያሜ ቢያገኝ እንደ ልብ ሊያርመው፣ ጽሑፉንም ወደ ሌላ ቋንቋ ሊያዛውረው አይችልም።