ስለ ደም ግፊት ማሻቀብና በድንገተኛ ክፍል ስለሚሰጠው መድኃኒት
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)



የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሥቃይ የሌለው ደዌ ስለሆነ፥ ሰው የሚፈራው በሽታውን ሳይሆን መለኪያው የሚያሳየውን ቍጥር ነው። ከዚህም የተነሣ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው ግፊትን ሳያስለኩ ለዓመታት ችላ ብሎ መኖር ሲሆን፥ ሁለተኛው ቍጥሩ ከፍ ብሎ በታየበት ዕለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልወረደ ብሎ መጨነቅ ነው። ሁለቱም ሕይወት ያጠፋሉ።

በሐዋሳ መሃል ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ አንድ ጸሐፊ በምሳ ሰዓት ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ግፊቱን ቢያስለካ፥ መለኪያው 190 በ115 አሳየ እንበል። ራሱን አላመመውም፤ ዓይኑም አልፈዘዘም፤ ደረቱም አልተጨነቀም። ሆኖም ደንግጦ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይገሠግሣል። ሐኪሙ በሚገባ መርምሮ፥ መርፌ ሳይወጋው፥ የሚዋጥ ክኒን አዝዞና ቀጠሮ ሰጥቶ ቢያሰናብተው፥ «ሳልታከም ተመለስሁ» ብሎ ማዘኑ አይቀርም። ነገር ግን ሐኪሙ ያደረገው ትክክል ነው። ምክንያቱን ቀጥለን እንመልከት።

የላይኛው ቍጥር ከ180፥ ወይም የታችኛው ከ120 በላይ ሲሆን ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ይባላል። ይሁን እንጂ ቍጥሩ ብቻውን ድንገተኛ አደጋ አይደለም። ድንገተኛ አደጋ የሚባለው ግፊቱ በዚያው ሰዓት አንጎልን፥ ልብን፥ ኵላሊትን፥ ዓይንን ወይም ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር መጕዳት ሲጀምር ነው። ምልክቶቹም የአፍ መጣመም፥ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፥ የንግግር መተሳሰር፥ የአእምሮ መደናገር፥ የሚጥል መንቀጥቀጥ፥ ብርቱ የደረት ወይም የጀርባ ውጋት፥ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፥ የዓይን ድንገተኛ መጨለም ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቍጥሩ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ቍጥሩ ምን እየጐዳ ነው?» ብሎ ነው።

ጕዳት ከሌለ ግን በፍጥነት ማውረድ ራሱ ጕዳት ያመጣል። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፥ የአንጎል ደም ሥሮች እንደ መስኖ በር ጠባቂ ናቸው። ውሃው ሲበረታ በሩን ያጠብባሉ፤ ሲቀንስ ያሰፋሉ፤ ለእርሻውም የሚደርሰው መጠን ሳይዛባ ይኖራል። ለብዙ ዓመታት ከፍተኛ ግፊት የኖረበት ሰው ደም ሥሮቹ ወፍረውና ጠብበው ከዚያው ግፊት ጋር ስለ ተላመዱ፥ ግፊቱ በድንገት ለሌላው ሰው ጤናማ ወደሚባለው ልክ ቢወርድ በሩ ቶሎ ሊሰፋ አይችልም። አንጎል ደም ያንሰዋል፤ ልብና ኵላሊትም እንደዚሁ።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ኒፈዲፒን የተባለውን ፈሳሽ ያለበት ሽፋን መድኃኒት ቀዶ ከምላስ ሥር ማንጠባጠብ በዓለም ሐኪም ቤቶች ሁሉ የተለመደ ነበር። ቍጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወርድ አስታማሚውም ሐኪሙም ደስ ይላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ በአንጎልና በልብ ላይ አደጋ የደረሰባቸው በሽተኞች ስለ ተገኙ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ልማዱ እንዲቆም አሳሰበ። ቀስ ብሎ የሚሠራው የኒፈዲፒን ክኒን ግን በሐኪም ትእዛዝ ሲዋጥ ዛሬም ጠቃሚ መድኃኒት ነው።

በእውነተኛው አደጋ ጊዜ ደግሞ መዘግየት አይገባም። በሽተኛው ተኝቶ፥ ግፊቱ በየደቂቃው እየተለካ፥ እንደ ላቤታሎል፥ ኒካርዲፒን ወይም ሃይድራላዚን ያለ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። በዚህም ጊዜ ቢሆን፥ በአብዛኛው፥ በመጀመሪያው ሰዓት አማካይ ግፊቱ ከሩብ በላይ እንዲወርድ አይፈቀድም፤ በሚከተሉት 2 እስከ 6 ሰዓታት ወደ 160 በ100 ይደርሳል፤ ቀሪው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይስተካከላል።

ለዚህ ደንብ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ትልቁ የደም ሥር የተሰነጠቀበት ሰው የላይኛው ቍጥሩ በፍጥነት ከ120 በታች መውረድ አለበት። በአንጻሩ የአንጎል ደም ሥሩ በረጋ ደም የተደፈነበት ሰው፥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የማይሰጠው ከሆነ፥ ግፊቱ ከ220 በ120 ካላለፈ በአብዛኛው አይነካም፤ የተጐዳው ክፍል የሚተነፍሰው በዚያ ግፊት ነውና። ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ግን 160 በ110 ላይ ስትደርስ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ የሚጥለውን መንቀጥቀጥ ለመከላከልም ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። ለእርሷ 180ን መጠበቅ ሞትን መጠበቅ ነው።

ምልክት የሌለው ሰው ጥቅም የሚያገኘው ከአንድ ሰዓት መርፌ ሳይሆን ከወራትና ከዓመታት ክኒን ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በአውሮፓ አቈጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ዓ.ም. አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሲያርፉ፥ የተለካው ግፊታቸው ከ300 በ190 በላይ ነበር፤ በዚያን ዘመን የታወቀ ረዳት መድኃኒት እምብዛም አልነበረም። በ1967 ግን በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 በሆነ 143 ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት፥ በየቀኑ ክኒን የወሰዱት ከብርቱ አደጋ እንደ ዳኑ፥ ያልወሰዱት ግን በብዛት እንደ ተጐዱ አስረዳ።

በአገራችንም በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ፥ ቍጥሩ ከፍ ብሎ ቢታይዎ አስቀድመው ምልክቶቹን ይመርምሩ። አንዱ እንኳ ካለ፥ ሥራ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ፥ በመኪና አሳድሩኝ ሳይሉ፥ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከሌለ ግን ቡናውንና ጫቱን ትተው፥ ፊኛዎን አቃልለው፥ ጀርባዎን ደግፈው ጥቂት ደቂቃ ያርፉና እንደገና ይለኩ። አሁንም ከፍ ካለ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይዩ። ከወዳጅ የተዋሱትን ክኒን አይዋጡ። የታዘዘልዎን መድኃኒት ደኅና ነኝ በሚሉበት ቀን አያቋርጡ፤ ደኅና የሆኑት በመድኃኒቱ ነውና። ለመስክ ሥራ ሲወጡ ከደብዳቤዎ ጋር ክኒንዎን ይያዙ። በድንገተኛ ክፍል የሚገኘው ሐኪም ሊያድን የሚተጋው ለጥቂቶች ነው፤ ብዙዎቹን የሚያድናቸው በየማለዳው የሚዋጠው ትንሹ ክኒን ነው።